ክቡርነታቸው ያስበሉኝ በቆሎ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይገድላል የተባለ በቆሎ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ። ያውም ሁለት ራስ ከግማሽ፣ ያውም ከአዲስ አበባ በመጡ ትልቅ ሰው ፊት፣ ያውም በገዛ አፌ ባመጣሁት ጣጣ። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል። ያን ዕለት ግን ከክቡርነታቸው በቀር የሳቀ አልነበረም።

ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከእርሻ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመርቄ አሰብ ተመደብኩ። ሣር በማይበቅልበት ከተማ የእርሻ ባለሙያ መመደብ የመሰለ ብልሃት ከየት ይገኛል? የቀጠረኝ በወደቡ የሚገባውን ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ተቀብሎ ወደ ደጋ የሚልክ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ነው። ሥራዬ ከረጢት ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ማንበብና «አዎ፣ ይኸው ነው» ማለት ነበር። ለዚህ ሥራ የሚበቃ ኩራት ግን አልነበረኝም፤ የነበረኝ ለሚኒስትርነት የሚበቃ ነው። ዲፕሎማዬን በመስተዋት አስገብቼ ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ በካናቴራ ሲሄድ እኔ ክራባት አስራለሁ። «ዲፕሎማው» የሚል ስም ያወጣልኝ አትክልተኛው ጋሽ ይመር ነው፤ እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

ጋሽ ይመር ከወሎ ወርዶ አሰብ የከረመ፣ ሽርጡን ታጥቆ ከፀሐይ ጋር የሚውል ሰው ነው። የድርጅቱን የእንግዳ ማረፊያ አትክልት የሚጠብቀው እሱ ነበር። ያ አትክልት የሥራ አስኪያጃችን የአቶ ደምሰው ዓይን ነው። አሰብ አፈር የላትምና አፈሩን ከባቲ በጭነት መኪና አስመጡት። ከባቲ አፈር ጋር የባቲ አረም አብሮ መጣ፤ እሱን ያዘዘው አልነበረም። ውሃውን ደግሞ ጋሽ ይመር ከማረፊያው ማቀዝቀዣ ማሽኖች ሥር በርሜል ደቅኖ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን እያጠራቀመ ያመጣል። የቧንቧው ውሃ ጨው ስላለበት አበባ ያቃጥላል ይላል። እንዲህ ባለ ልፋት ጽጌረዳውም ፔቱኒያ የሚባለው አበባም በቅሎ፣ አሰብ ውስጥ አለ የተባለ አትክልት ሆነ። ከጀርባው፣ ከግንቡ ሥር፣ ጋሽ ይመር ለራሱ ሦስት መደዳ በቆሎ ተክሏል። አቶ ደምሰው አይተው እንዳላዩ ያልፉት ነበር።

ባለሥልጣን አሰብን የሚጎበኘው በታኅሣሥና በጥር ነው። በሰኔ ስለ ወደቡ የሚያስብ ክቡርነታቸው የሚባል ፍጡር የለም። በዚያ ዓመትም ጥር ላይ አንድ ትልቅ ሰው ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው አቶ ደምሰው አስጠሩኝ።

«አንተ፣ እስቲ የተማርከውን አሳየን! ክቡርነታቸው ባለቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሴትዮዋ አበባ ይወዳሉ። አንዲት አረም እንዳላይ።»

«ጋሽ ይመር በእጁ ይነቅለው የለ፣ ጌታዬ?»

«ይመር በእጁ ነቅሎ እስኪጨርስ ምጽአት ይደርሳል! መጋዘን ሙሉ የአረም መድኃኒት ተከምሮ በእጅ ይነቀላል? የተቀደደ ከረጢት አለ፤ ወስደህ ጨርሰው።»

ከረጢቱን አየሁት። ነጭ ዱቄት ነው። «ለበቆሎና ለማሽላ እርሻ» ይላል። አንብቤዋለሁ፤ አላነበብኩም ብዬ አልዋሽም። ግን እንዲህ አሰብኩ፦ በቆሎን ካልነካ ጽጌረዳን ለምን ይነካል? በቆሎ ጠቃሚ ነው፣ ጽጌረዳም ጠቃሚ ነው። የሚሞተው ጥቅም የሌለው አረም ነው። ይህን ያሰበው ጭንቅላት በፈተና አንደኛ የወጣ ነው፤ እንግዲህ ሌሎቹን ገምቱ። ለስንት እርሻ የሚበቃውን አንድ ከረጢት ለዚያች መዳፍ ለምታክል አትክልት በጠበጥኩት። በዛ ሲል ይበልጥ ይሠራል ብዬ ነው።

ፖምፓውን በጀርባዬ አዝዬ ስረጭ ጋሽ ይመር ከኋላዬ ይከተለኛል።

«ዲፕሎማው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁ።»

«ይህ መድኃኒት አረሙን ከአበባው በምን ለይቶ ያውቀዋል?»

«ሳይንስ ነው፣ ጋሽ ይመር።»

«እሱማ ነው። እኔ ግን ይኸን ያህል ዘመን ስነቅል ኖሬ፣ ቡቃያ ሲሆን እስከ ዛሬ እሳሳታለሁ። እሱ ደሞ ዓይን የለው...»

«መራጭ ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት መራጭ ይባላል።»

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። ከዚያ ወደ ግንቡ ሥር እያየ፣ «በቆሎዬስ?» ሲል ጠየቀኝ። እንደ አንድ ትልቅ ሐኪም ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ «እሱማ ከረጢቱ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ምንም አይሆንም» አልኩት። እንዳይጠራጠርም ሦስቱንም መደዳ ከራስ እስከ እግር አጠብኩለት። «አሁን ውሃ አጠጡት፣ ወደ ሥር ይግባ» ብዬም አዘዝኩ። ማቀዝቀዣ ማሽኑ በስንት ቀን ያጠራቀመለትን ውሃ ሁሉ አፈሰሰው።

አረሙ ሞተ። በሳምንቱ አቶ ደምሰው «ይኼ ነው ትምህርት!» ብለው ለስላሳ ጋበዙኝ። በሁለተኛው ሳምንት የፔቱኒያው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ሙቀት ነው አልኩ። ጽጌረዳው ተከተለ። ነፋስ ነው አልኩ። ክቡርነታቸው ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ጧት፣ አቶ ደምሰው እየጮሁ ጠሩኝ። ስደርስ ሣሩም አበባውም እሳት እንደገረፈው ጥብስ ብሎ ቆሟል። ከጀርባ፣ ከግንቡ ሥር፣ የጋሽ ይመር በቆሎ ለምለም ሆኖ፣ ዘርዝሮ፣ እሸቱን አዝሎ ይወዛወዛል። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ለምለም ነገር የለም።

«ምንድን ነው ይኼ? ምን አድርገኸዋል?» አሉኝ አቶ ደምሰው።

እዚህ ጋ «ጌታዬ፣ አላውቅም፤ ሳልሳሳት አልቀረሁም» ማለት ይቻል ነበር። ዐሥር ቃል አይሞላም። እኔ ግን ክራባቴን አስተካክዬ እንዲህ አልኩ፦ «የእኔ መድኃኒት አበባ አይነካም። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ነው።»

ዓይናችን ሁሉ እኩል ወደ በቆሎው ዞረ።

ያን ጊዜ በዚያ አገር «ሰው ያደረገው ነገር» የሚባል ቃል ተራ ቃል አልነበረም። በረሃው ሽፍታ አለበት ይባላል፤ አንድ ቧንቧ ቢያፈስ እንኳ አሻጥር ነው። አንድ ሻምበል ተጠርተው መጡ። አትክልቱን ዞሩ፣ በቆሎውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና ጋሽ ይመርን አስቀረቡት።

«ይህ ሁሉ ሲሞት ያንተ ለምን ቀረ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ። የኔም እኩል ተረጭቷል።»

«ከተረጨማ ለምን አልሞተም?» ሻምበሉ ወደኔ ዞሩ። «በቆሎውን ረጭተሃል?»

ጋሽ ይመር አየኝ። ፊቱ ላይ ስጋት አልነበረም፤ አሁን ዲፕሎማው ይነግርልኛል የሚል ፊት ነው። አቶ ደምሰውም አዩኝ። የእሳቸው ፊት ሌላ ነገር ይላል።

«አላስታውስም» አልኩ።

በቃ፣ ያቺ ናት። ወሰዱት። ሽርጡን አጥብቆ፣ ውሃ ማጠጫ ጣሳውን ከበርሜሉ አጠገብ አስቀምጦ ሄደ። እኔን አልተሳደበም፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ሐሙስ ክቡርነታቸው መጥተው ሲመለሱ በዚያው አውሮፕላን ለምርመራ አዲስ አበባ እንደሚወሰድ ተነገረ። ከዚያ ምርመራ ፈጥኖ የተመለሰ ሰው አናውቅም ነበር።

ረቡዕ ቀትር ላይ፣ አሰብ በሙሉ በር ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውየው ዓይኔ ላይ ተቀምጧል። የሠራሁት ስህተት አለመሆኑን ለራሴ ላረጋግጥ ብዬ የትምህርት ቤት ደብተሬን አወጣሁ። ለካ ጽፌዋለሁ! በገዛ እጄ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ሕንዳዊው መምህራችን እንደተናገሩት። በቆሎም መድኃኒቱን እንደ ሌላው ተክል በሥሩ ይጠጣዋል። ልዩነቱ ውስጡ ነው፤ ኢንዛይም የሚባሉ ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች አሉት፤ ባዕዱን መርዝ ተቀብለው ይሰባብሩታል፣ ከሌላ ነገር ጋር አጣብቀው ከንቱ ያደርጉታል። ሌላው ተክል ይህ ሠራተኛ ስለሌለው ወይም ስለሚያንሰው ይሞታል። መድኃኒቱ ማንንም አይመርጥም። አረምና አበባ ለእሱ አንድ ናቸው። ይህን ጽፌ፣ አጥንቼ፣ በፈተና ላይ መልሼ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼ፣ አንድም ነገር ሳይገባኝ ተመርቄያለሁ። ጋሽ ይመር «በምን ለይቶ ያውቀዋል?» ያለው ጥያቄ መምህሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ የደከሙበት ጥያቄ ነበር።

ክራባቴን ሳላስር አቶ ደምሰው ቤት ሮጥኩ። በፒጃማ ወጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ጨርሰሃል?» አሉኝ።

«አዎ ጌታዬ። ይመር ንጹሕ ሰው ነው። በቆሎውንም ረጭቻለሁ፤ በደንብ አስታውሳለሁ።»

«ስማ። ለክቡርነታቸው በስልክ ተነግሯል። አሻጥር ተሠራብን ስላቸው ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ‹አይዞህ ደምሰው› ነው ያሉኝ! በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። አሁን መልሼ ምን ልበላቸው? አንድ ጅል ዲፕሎማ ተሸክሞ አበባዬን ፈጀው ልበል? መድኃኒቱንስ ከሰው ዕቃ አንሳ ያለው ማን ነው ሲሉኝስ? ሂድ ተኛ።»

ሄድኩ፤ ግን አልተኛሁም።

ሐሙስ ክቡርነታቸው በጧቱ አውሮፕላን ገቡ። ወደቡን አይተው ሲመለሱ ምሳ በማረፊያው በረንዳ ላይ፣ በዚያ በተቃጠለ አትክልት ትይዩ ተዘረጋ። አቶ ደምሰው የሞተውን ጽጌረዳ እንደ ጦር ሜዳ ቁስል ያስጎበኛሉ። ሴትዮዋ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሻምበሉ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ጋሽ ይመር ከውጭ ላንድሮቨር ውስጥ እጁን ታስሮ ተቀምጧል፤ አውሮፕላኑ በአሥር ሰዓት ይነሣል። ከበረንዳው ፊት ደረስኩና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«ክቡርነትዎ፣ አትክልቱን የፈጀሁት እኔ ነኝ።»

ሹካው ሁሉ ቆመ። አቶ ደምሰው «ሙቀት ነው ክቡርነትዎ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ሙቀቱ ጭንቅላቱን...» ማለት ሲጀምሩ ክቡርነታቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ወፍራም፣ ነገር የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። «ቀጥል» አሉኝ። ቀጠልኩ። ኢንዛይም ስል ሳቁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በበቆሎው ውስጥ ያለ... እንደ ወፍጮ ያለ ነገር ነው፣ ክቡርነትዎ። መርዙ ሲገባ ተቀብሎ ይፈጨዋል። ሌላው ተክል ወፍጮ ስለሌለው መርዙ እንደገባ ይቀመጥበታል።»

«እና ያ በቆሎ ከአበባው ጋር እኩል ተረጭቷል፣ ግን መርዙን ፈጭቶታል ነው የምትለው?»

«አዎ፣ ክቡርነትዎ።»

«ስለዚህ አሁን መርዝ የለበትም።»

«የ... የለበትም።»

«እንግዲያው ብላው!» አሉና በሳቅ ፈረሱ። «ሻምበል፣ እሸት አስቆርጥለት። ይጠበስለት እንጂ፣ ጨካኞች አይደለንም። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ካልሞተ ሰውየው ይፈታ። ከሞተ...» ትከሻቸውን ሰበቁ።

ሦስት ራስ በቆሎ ተጠብሶ መጣ። ይህን የምጽፈው ለሳቅ ነው፤ ያኔ ግን ላብ ከጆሮዬ ሥር ይወርድ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ደብተሬ ላይ አንዲት ቃል ነበረች። «አብዛኛውን ይሰባብረዋል» ትላለች። አብዛኛውን! የቀረውስ? ያቺ ቃል ደግሞ በልኩ ለተረጨ በቆሎ የተጻፈች ናት፤ የዚህኛው ወፍጮ አንድ ከረጢት ሙሉ ነው የመጣበት። የመጀመሪያውን ስገምጥ እናቴን አሰብኩ። ሁለተኛውን ሳጋምስ ደግሞ ሌላ ነገር መጣልኝ፤ በቆሎው ጨርሶ ባይረጭም እኮ በልቼ አልሞትም! መትረፌ የሻምበሉን ክስ እንጂ የእኔን ቃል አያረጋግጥም። ቀና ብዬ አየሁ። ክቡርነታቸውም ሻምበሉም አቶ ደምሰውም አልደረሱበትም። አገሩን የሚመሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ ምን አገባኝ? አፌን ሞልቼ ዝም አልኩ።

ሦስተኛውን ሳነሣ ክቡርነታቸው፣ «የበቆሎውን ባለቤትስ ጥሩት፤ እሱ ምን ይላል?» አሉ። ጋሽ ይመር መጣ። በሁለት ቀን አጥሯል። ነገሩን ሲነግሩት እኔን አየኝ፣ በእጄ ያለውን አየ። እጁን ፈቱለት። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ «ቢስሚላህ» ብሎ በቆሎውን ከእጄ ወስዶ ለሁለት ሰበረው። ግማሹን ለኔ ሰጥቶ ግማሹን ይበላ ጀመር።

«ጋሽ ይመር ተዉ! ፈተናው የኔ ነው፤ እርስዎ አልታዘዙም» አልኩት በሹክሹክታ።

«የኔ በቆሎ አይደል? አንተ ብቻህን በልተህ ልትሞት ነው?»

ከዚያ መቀመጥ ነው። ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት በሞተ አትክልት መሐል፣ ሁለት ሰዎች፣ ከላይ ፀሐይ። ሻምበሉ በየጊዜው እየመጡ «እንዴት ነህ?» ይሉኛል። «ደኅና ነኝ» ስላቸው ቅር እያላቸው ይመለሳሉ። ሆዴ በጮኸ ቁጥር ነፍሴ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚያ በቆሎ በቀር እህል አልቀመስኩም።

በዚያ መሐል ጠየቅሁት። «ጋሽ ይመር፣ እባክዎ ይቅር ይበሉኝ። እንደረጨሁት እያወቁ ለምን ‹ዋሸ› አላሉም?»

የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«እኔማ መቼ ዋሸህ አልኩ? አንተ የተማርክ ነህ። አላስታውስም ስትል፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት፣ በቆሎውን ሲረጭ ያየሁት በሕልሜ ይሆናል አልኩ። ሁለት ቀን ራሴን ስጠረጥር ነው ያደርኩት። ምናልባትም በቆሎዬ የአበባውን ውሃ ሰርቆት ይሆናል፣ የሰው ሐቅ በልቻለሁ ብዬ አላህን ማረኝ ስል ነበር።»

አለቀስኩ። በክቡርነታቸው ፊት፣ በሻምበሉ ፊት፣ እንደ ሕፃን። ሻምበሉ መርዙ ጀመረው ብለው እየሮጡ መጡ።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ አልሞትንም። ክቡርነታቸው ለአውሮፕላን ሲነሡ፣ «ወፍጮው ሠርቷል!» ብለው ሳቁና ጋሽ ይመርን ለቀቁት። አበባውን ማጥፋቴን በወረቀት ላይ ፈረምኩ፤ አቶ ደምሰው በሳምንቱ አሰናበቱኝ። የተቀደደ ከረጢት አንሳ ያለኝ ሰው ከዚያ ወረቀት ላይ የለም፤ መቼም የእንደዚያ ዓይነት ሰው ስም ወረቀት ላይ አይበቅልም። አሰብን የለቀቅኩት የባቲን አፈር ባመጣው መኪና፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ደሴ መምህር ሆንኩ።

አንባቢዎቼ፣ ተለወጥኩ የሚል ሰው ሁሉ ይዋሻልና እኔ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ነው። የዚያን ማክሰኞ ጧት ጥፋቱ እኔ ላይ ሲወድቅ፣ ሳልፈጨው እንዳለ አጠገቤ ላለው ሰው አሳለፍኩት። በቆሎው ዲፕሎማ የለውም፤ የመጣበትን ግን ራሱ ጋ አስቀርቶ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ሳጠፋ ቶሎ «እኔ ነኝ» ማለት ለመድኩ። ጣፋጭ ነገር አይደለም፤ በየጊዜው ሆዴን ይቆርጠኛል። ተማሪዎቼም በፈተና ሙሉ ነጥብ ሲያመጡ አስነሥቼ፣ «በምን ለይቶ ያውቀዋል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ዝም ካሉ ነጥቡን እቀንሳለሁ። በዚህ ምክንያት ብዙ ተሰድቤያለሁ።

በዓመቱ ያ ሾፌር ደሴ መጣና ትምህርት ቤት ድረስ ፈለገኝ። አቶ ደምሰው ሦስት ጊዜ አበባ ተክለው ሦስቱም ጊዜ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ሞተባቸው። የረጨሁት ከአፈሩ አልወጣም ነበርና። በመጨረሻ ሌላ እንግዳ ሊመጣ ሲል ጨንቋቸው፣ «የሚበቅል ነገር ትከል፣ ምንም ይሁን!» ብለው ለጋሽ ይመር ለቀቁለት። ሙሉ አትክልቱ በቆሎ ሆነ። እንግዳውን በበቆሎ መሐል ተቀበሏቸው።

ሾፌሩ ከመኪናው አንድ ኬሻ እሸት አወረደልኝ።

«ይመር ነው የላከልህ» አለኝ። «አንድ ቃልም ልኮብሃል፤ እኔ አልገባኝም። ‹ወፍጮው አልቆመም፤ ሳትፈራ ብላ› በለው ብሏል።»

ያን ቀን ማታ ጠብሼ በላሁ። አልፈራሁም።